እዝባርና የኋሊት እዝባር፦ ስለ ፋይል መንገድ አጻጻፍ ታሪካዊ ምልከታ

በጽሑፍ ማዘጋጃ ፕሮግራም ውስጥ ያለ ችግር የተከፈተ ፋይል፣ ስሙ እንደ ተጻፈ ትእዛዝ ተቀባይ ለሆነው ሼል ሲተላለፍ «እንዲህ ያለ ፋይል የለም» የሚል መልስ የሚያስከትልበት ጊዜ አለ። ፋይሉ ከቦታው አልተነቃነቀም፤ ሁለቱ ፕሮግራሞች ግን አንዱን ጽሑፍ በሁለት ሰዋስው አንብበውታል። ነገሩ የመሐንዲሶች ብቻ ቢመስልም መነሻው የሥርዓተ ነጥብ ታሪክ ነውና የቃላት አጥኚውንና የተርጓሚውን ዐይን ይሻል። ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮጳ አቆጣጠር ናቸው።

የፋይል መንገድ ስንል ፋይሉ የሚገኝባቸው አቃፊዎች ስም በቅደም ተከተል የሰፈረበትን ሐረግ ማለታችን ነው። ስሞቹን የሚለይ ምልክት ግድ ይላል። በ1965 የተጀመረው መልቲክስ የተባለ ሥርዓት ለዚህ የመረጠው የ«ይበልጣል» ምልክትን (>) ነበር። ቤል ላቦራቶሪ በ1969 ከዚያ ሥራ ሲወጣ ኬን ቶምፕሰንና ዴኒስ ሪቺ የራሳቸውን ሥርዓት፣ ዩኒክስን ጀመሩ፤ በእርሱም ውስጥ የመለያነቱ ሥራ ለእዝባር (/) ተሰጠ። የ«ይበልጣል» ምልክት የትእዛዝን ውጤት ወደ ፋይል ለማዞር ዋለ።

የኋሊት እዝባር (\) ትውልዱ ሌላ ነው። ቦብ ቢመር ወደ አስኪ የፊደል ሰንጠረዥ እንዲገባ ያሰበው አልጎል ለተባለው የፕሮግራም ቋንቋ ነበር፤ ሁለቱ እዝባሮች ተጣምረው /\ «እና»ን፣ \/ ደግሞ «ወይም»ን እንዲወክሉ። በ1963ቱ የሰንጠረዡ እትም ቦታውን አገኘ። በተለመደው ጽሕፈት እምብዛም ሥራ ስላልነበረው ግን ሌሎች ፈጥነው ወሰዱት። የዩኒክስ ሼልና ሲ የተባለው ቋንቋ «ቀጥሎ የሚመጣውን ፊደል ከተለመደ ትርጉሙ አውጣው» ለማለት ተጠቀሙበት።

ሦስተኛው ወገን ዶስ ነው። በ1981 ከአይቢኤም የግል ኮምፒዩተር ጋር ሲወጣ አቃፊ የሚባል ነገር አልነበረውም፤ እዝባርንም የትእዛዝ አማራጮችን ለማመልከት ይዞታል። በመጋቢት 1983 ሁለተኛው እትም አቃፊዎችን ሲያስገባ የዩኒክስ መለያ ተይዞ ተገኘ። በመሆኑም የኋሊት እዝባር ተመረጠ፤ በኋላም ለዊንዶውስ በውርስ ተላለፈ። የሚደንቀው፣ የሥርዓቱ ውስጣዊ ክፍል ሁለቱንም ምልክቶች ይቀበል ነበር። እምቢ ባዩ በር ላይ የቆመው ትእዛዝ ተቀባይ ነው።

እንግዲህ በዊንዶውስ ላይ የተዘጋጀ ጽሑፍ የዩኒክስ ዓይነት ሼል ሲገጥመው የሚሆነውን እንመልከት። «ሲ:\ሥራ\ደብዳቤ» የሚለው መንገድ ያለ ትእምርተ ጥቅስ ለሼሉ ቢሰጥ ሼሉ የኋሊት እዝባሮቹን የራሱ መመሪያ አድርጎ ይውጣቸዋል፤ ለሚያስነሣው ፕሮግራም የሚደርሰው «ሲ:ሥራደብዳቤ» ነው። በተቃራኒው፣ ዩኒክስ ውስጥ የኋሊት እዝባር በስም ውስጥ የተፈቀደ ተራ ምልክት በመሆኑ፣ ጥንቃቄ የጎደለው ፕሮግራም በ«ሥራ» አቃፊ ውስጥ «ደብዳቤ»ን ከማስቀመጥ ይልቅ «ሥራ\ደብዳቤ» የተባለ አንድ ፋይል ሊፈጥር ይችላል። ባለቤቱ አቃፊውን ሲያገላብጥ ይውላል።

ይህን ልዩነት ለማስታረቅ አስተርጓሚዎች ተነሡ፤ ቃሉን በሙሉ ትርጉሙ ነው የምንጠቀምበት። በ1995 የተጀመረው ሲግዊን «ሲ:»ን «/ሲግድራይቭ/ሲ» ብሎ ያነብባል፤ ሲግፓዝ የተባለው ትእዛዙም ከአንዱ አጻጻፍ ወደ ሌላው ይመልሳል። በ2016 ዊንዶውስ ውስጥ የገባው የሊኑክስ ክፍል ያንኑ ስፍራ «/ኤምኤንቲ/ሲ» ይለዋል። ከጽሑፍ ማዘጋጃዎችም ኢማክስ በዊንዶውስ ላይ እንኳ መንገዱን በእዝባር ያሳያል፤ ቪም ደግሞ ሼልስላሽ በተባለ ምርጫ ለሼሉ የሚስማማውን ምልክት እንዲጠቀም ይታዘዛል። ስሕተቱ የት እንደ ተፈጠረ ለማወቅ ቀላሉ ዘዴ ሼሉ የደረሰውን ቃል መልሶ እንዲጽፍ ማዘዝ ነው፤ የተጻፈውና የደረሰው ጎን ለጎን ሲታዩ የጎደለው ምልክት ራሱን ያጋልጣል። ሁለቱ አንድ ሆነው ፋይሉ ካልተገኘ ግን የቆሙበትን ቦታ መጠየቅ ይገባል። ከላይኛው አቃፊ የማይጀምር መንገድ «ከቤተ ክርስቲያኑ ታጥፈህ ሁለተኛው በር» እንደሚባለው የሰፈር ምሪት ነውና፣ ማዘጋጃውና ሼሉ በተለያዩ አቃፊዎች ከቆሙ ወደ ተለያየ በር ያደርሳል።

በአማርኛ ጉዳዩ አንድ እጥፍ ይጨምራል። እኛ እዝባርን የምናውቀው በአሕጽሮተ ቃል ነው፤ ጽ/ቤት፣ ት/ቤት፣ ወ/ሮ፣ ዶ/ር እንላለን። «የጽ/ቤት ደብዳቤ» ብሎ ፋይል መሰየም የሚሻ ጸሐፊ በሁለቱም ሥርዓቶች አይሳካለትም፤ ኮምፒዩተሩ «የጽ» የተባለ አቃፊና በውስጡ «ቤት ደብዳቤ» የተባለ ፋይል እንደ ተጠቀሰ ይረዳል። በእኛ ዘንድ ሁለት ክፍሎችን ወደ አንድ ቃል የሚያስተሳስረው ምልክት በዚያ ዘንድ ይቆርጣቸዋል። ቋንቋው ዓ/ም እና ዓ.ም. የሚሉ ሁለት ልማዶች ስላሉት፣ ለፋይል ስም ባለ ነጥቡን ወይም ያልታጠረውን ቃል መምረጥ ይበጃል።

የቃላት መለያው ሁለት ነጥብም (፡) የራሱ ነገር አለው። ሼል ቃላትን የሚለየው በባዶ ቦታ ስለሆነ «የበጀት ደብዳቤ» የሚለውን ያለ ትእምርተ ጥቅስ ቢሰጡት ሁለት ስም አድርጎ ይቆጥረዋል፤ በጥንቱ ልማድ «የበጀት፡ደብዳቤ» ተብሎ ቢጻፍ ግን እንደ አንድ ስም ያልፋል። የአባቶች አጻጻፍ እዚህ ላይ ሳይታሰብ ረትቷል። ይሁንና ይኸው ምልክት በላቲኑ ሁለት ነጥብ (:) ፋንታ ከ«ሲ» በኋላ ቢገባ ዊንዶውስ የዲስኩን ስም አይለየውም፤ ለዐይን ቢመሳሰሉም በሰንጠረዡ ላይ ሁለት ልዩ ልዩ ምልክቶች ናቸው። መመሪያ የሚተረጉም ሰው በአማርኛ የፊደል ገበታ ሲጽፍ ይህን እንዲያጣራ እናሳስባለን።

ስለ ስያሜው፣ «ዱካ» የሚለው ቃል ለመንገድ ሲቀርብ አይተናል። ዱካ ያለፈ እግር የተወው ምልክት ነው፤ እዚህ ግን ገና ለሚሄደው የተሰጠ ምሪት ስለሆነ «መንገድ»ን እንመርጣለን። «አድራሻ» የተሻለ ይመስል ነበር፤ ሆኖም ለማስታወሻ ክፍል አድራሻና ለኤሌክትሮኒክ ደብዳቤ አስቀድሞ ተይዟል። «ስላሽ» የሚለውን የውሰት ቃል ለሁለቱም ምልክቶች ማዋል አንባቢውን ያሳስታል። ለሁለተኛው «ግራ ዘመም እዝባር» ማለት ቅርጹን በሚገባ ይገልጻል፤ ነገር ግን «ግራ ዘመም» ከፖለቲካው መዝገበ ቃላት ገና ስላልወጣ «የኋሊት እዝባር»ን ይዘናል።