ሃያ የዝምታ ቀናት፦ የቤት ውስጥ የዓሣ ገንዳና የሁለቱ ዋሪንግተኖች ታሪክ



የዚህ ንግግር ማስታወቂያ በተለጠፈ ጊዜ አንድ ባልደረባዬ «የታሪክ ሰው ከዓሣ ገንዳ ጋር ምን አገናኘው?» ሲል ጠይቆኝ ነበር። ያገናኘኝ ኀፍረት ነው። ከጥቂት ዓመታት በፊት ለልጄ የመስታወት ገንዳ ከነማጣሪያው ገዛሁላት። በቧንቧ ውሃ ሞላሁት፤ ውሃው ኩልል ብሎ የጠራ ስለ ነበር በማግሥቱ ስድስት ዓሦች ጨመርሁበት። ሳምንት ሳይሞላ ውሃው ደፈረሰ። ንጽሕናንና ጤናን አንድ አድርጌ የማይ ሰው ነኝና ውሃውን በሙሉ ደፍቼ ቀየርሁ፤ የማጣሪያውንም ስፖንጅ ከቧንቧ ሥር እስኪነጣ ድረስ አጠብሁት። በዐሥረኛው ቀን አምስቱ ዓሦች ሞተው አደሩ። ልጄ «አባዬ፣ ውሃው ንጹሕ አይደለም እንዴ?» አለችኝ። ለዚህ ጥያቄ መልስ አልነበረኝም። መልሱን ፍለጋ ስወጣ ግን ራሴን በ19ኛው ክፍለ ዘመን ለንደን ውስጥ አገኘሁት። ከዚህ በኋላ የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን ከወዲሁ አሳስባለሁ።

በ1849 ሮበርት ዋሪንግተን የተባለ ኬሚስት ዐሥራ ሁለት ጋሎን፣ ማለትም ሃምሳ አራት ሊትር ያህል፣ የሚይዝ የብርጭቆ ዕቃ እስከ ግማሹ የምንጭ ውሃ ሞላበት። ከታች አሸዋና ጭቃ አነጠፈ፤ ድንጋዮች አስቀመጠ፤ ቫሊስኔሪያ የሚባለውን የውሃ ተክል ተከለ፤ ሁለት ትናንሽ ወርቃማ ዓሦችም ለቀቀበት። የለንደን ጥላሸት እንዳይገባም አፉን በስስ ጨርቅ ሸፈነው። ዋሪንግተን በለንደን የመድኃኒት ቀማሚዎች ማኅበር ቤተ ሙከራ የሚሠራ፣ በ1841 የኬሚካል ማኅበሩን ከመሠረቱት ሰዎችም አንዱ ነበር። ሊያሳይ የፈለገው ነገር ቀላል ነው፤ ዓሣው የሚያስወጣውን ካርቦን ዳይኦክሳይድ ተክሉ ይወስዳል፤ ተክሉ የሚሰጠውን ኦክስጅን ዓሣው ይተነፍሳል፤ ስለዚህ ውሃው ሳይቀየር ሕይወት ይቀጥላል።

መጀመሪያ እንዳሰበው አልሆነም። የተክሉ ቅጠሎች እየበሰበሱ ውሃውን አደፈረሱት። በዚህ ጊዜ ዋሪንግተን ወደ ኩሬ ሄዶ ጥቂት ቀንድ አውጣዎች አመጣ። ቀንድ አውጣዎቹ የበሰበሰውን በሉት፤ ውሃው ጠራ፤ እንቁላላቸውም ለዓሦቹ ምግብ ሆነ። በመጋቢት 1850 ግኝቱን ለኬሚካል ማኅበሩ አነበበ። «ሚዛናዊ ገንዳ» የሚለው ሐሳብ በእንግሊዝ ሥር የሰደደው ከዚያ ወዲህ ነው።

የመስታወት ግብር በ1845 ተነሥቶ ስለ ነበር መስታወት ረክሷል። በ1853 በለንደን የእንስሳት ማቆያ የዓሣ ቤት ለሕዝብ ተከፈተ፤ በ1854 የፊሊፕ ሄንሪ ጎስ «አኳሪየም» የተሰኘው መጽሐፍ ታተመ። የመካከለኛው መደብ ቤተሰብ ሁሉ በሳሎኑ ገንዳ ይኑረኝ አለ። ግን ስሜቱ ዕድሜ አላገኘም። በ1860ዎቹ መጨረሻ ጆን ጆርጅ ዉድ የተባለው የተፈጥሮ ታሪክ ጸሐፊ፣ ከዐሥር ገንዳዎች ዘጠኙ ተትተዋል ብሎ እስከ መጻፍ ደርሷል። ሰዎቹ ተክል ነበራቸው፤ ቀንድ አውጣም ነበራቸው፤ የተባለውን ሁሉ አድርገዋል። ታዲያ ዓሦቻቸው ለምን ሞቱ?

የዛሬውን መልስ በአጭሩ ላስቀምጥ። ዓሣ የሰውነቱን የናይትሮጅን ቆሻሻ በአብዛኛው የሚያስወግደው በስንጥቡ በኩል፣ በአሞኒያ መልክ ነው። የተረፈ ምግብም ሲበሰብስ አሞኒያ ይሆናል። አሞኒያ ዓሣን ይመርዛል፤ ውሃው ሲሞቅና አልካላይነቱ ሲጨምር ደግሞ መርዝነቱ ይበረታል። በውሃው ውስጥ በጠጠሩና በማጣሪያው ላይ ተጣብቀው የሚኖሩ ረቂቅ ሕዋሳት አሞኒያውን ወደ ናይትራይት ይለውጡታል። ናይትራይትም መርዝ ነው፤ የዓሣውን ደም ኦክስጅን ከመሸከም ይከለክለዋል። ሌሎች ሕዋሳት ናይትራይቱን ወደ ናይትሬት ይለውጡታል፤ ናይትሬት ብዙ ካልተጠራቀመ እምብዛም አይጎዳም፤ ተክል ይመገበዋል፤ የተረፈውን በየጊዜው ከውሃው ከፊሉን በመቀየር መቀነስ ይቻላል። አዲስ ገንዳ እነዚህ ሕዋሳት የሉትም። ተባዝተው ሥራቸውን እስኪይዙ ሳምንታት ይፈጃል። አሞኒያና ናይትራይት ደግሞ ቀለም የላቸውም። እንደ ምንጭ የጠራው የእኔ ውሃ መርዝ ነበር ማለት ነው፤ ስፖንጁን በክሎሪን ውሃ ሳጥበው ደግሞ ገና ማቆጥቆጥ የጀመሩትን ረዳቶቼን በገዛ እጄ ጨረስኋቸው።

አባት ዋሪንግተን ይህን አላየም፤ ግን ተሳካለት። በእኔ ግምት የተሳካለት ሳያስበው ባስገባው ጭቃ ነው። ጭቃውና የኩሬው ቀንድ አውጣዎች ሕዋሳቱን ይዘው መጥተዋል፤ ተክሉም አሞኒያውን በቀጥታ እየመጠጠ ረድቶታል፤ ዓሦቹም ሁለት ብቻ ነበሩ። ጭቃውን ንቀው በታጠበ ጠጠር የተኩትና ስድስት ስምንት ዓሣ የጨመሩት ተከታዮቹ ግን ማብራሪያውን እንጂ ሁኔታውን አልወረሱም። ትክክለኛ የሆነ ግማሽ ማብራሪያ ሌላውን ግማሽ ለረጅም ዘመን ሊጋርድ ይችላል።

ሌላው ግማሽ የተገኘው ስለ ዓሣ ማንም ባላሰበበት ቦታ ነው። በ1877 ፈረንሳውያኑ ቴዎፊል ሽሌዚንግና አሺል ሙንትዝ የከተማ ፍሳሽ እንዴት እንደሚጣራ ለማወቅ፣ በእሳት የተቃጠለ አሸዋና የኖራ ድንጋይ ዱቄት በቱቦ ሞልተው ፍሳሹን በዝግታ አሳለፉበት። ሃያ ቀናት ምንም አልሆነም፤ አሞኒያው እንደ ገባ ወጣ። ከዚያ በኋላ ናይትሬት ብቅ አለ፤ እየጨመረም ሄደ፤ በመጨረሻ አሞኒያው ጨርሶ ጠፋ። የክሎሮፎርም እንፋሎት ሲለቁበት ሂደቱ ቆመ፤ አፈር የተበጠበጠበት ውሃ ሲጨምሩበት እንደገና ተነሣ። ሥራው የሕያዋን እንጂ የአሸዋ አለመሆኑ በዚህ ተረጋገጠ። እኔ ይህን ሙከራ ባነበብሁ ጊዜ ከወንበሬ ተነሥቼ ቆምሁ። እነዚያ ሃያ የዝምታ ቀናት የልጄ ዓሦች ያለቁባቸው ቀናት ናቸው። አፈር የተበጠበጠበትን ውሃ ደግሞ በዚህ አዳራሽ ያለች እናት ሁሉ ታውቀዋለች፤ እርሾ ነው።

በእንግሊዝ አገር ይህን ሙከራ ተቀብሎ ያስፋፋው ሰው በሮታምስቴድ የእርሻ ምርምር ጣቢያ የሚሠራ ኬሚስት ነበር። ስሙ ሮበርት ዋሪንግተን ይባላል፤ የዚያ የባለ ገንዳው ልጅ ነው። በ1838 ተወልዷልና አባቱ ወርቃማ ዓሦቹን ሲለቅ የዐሥር ዐሥራ አንድ ዓመት ልጅ ነበር። ከ1870ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ ከዐሥር ዓመት በላይ ስለ ናይትሬት አፈጣጠር ተከታታይ ጥናቶች አሳተመ፤ ለውጡ በሁለት ደረጃ፣ በሁለት የተለያዩ ሕዋሳት እንደሚከናወን አሳየ። ለየብቻ ነጥሎ ሊያሳድጋቸው ግን አልቻለም። እንደ ዘመኑ ልማድ ጄላቲን አቀረበላቸው፤ እነርሱ ግን ከእንስሳትና ከዕፀዋት የተገኘ ምግብ አይሹም። በ1890 በዙሪክ ይሠራ የነበረው ሩሲያዊው ሰርጌይ ቪኖግራድስኪ ማዕድን ብቻ ባለው ውሃ አሳድጎ ለያቸው። ዋሪንግተን ልጅ በአንድ ሳህን ምክንያት ድሉን አጣ ብል ከልክ ያለፈ አይመስለኝም።

እንግዲህ አባትየው ጥያቄውን በሳሎን፣ ልጁ መልሱን በእርሻ ላይ ይዘው ነበር። ግን የእርሻና የፍሳሽ ኬሚስቶች መጽሔት ሌላ፣ የገንዳ አፍቃሪዎች መጽሔት ሌላ ነበርና ዕውቀቱ በቶሎ አልተሻገረም። የገንዳ ሰዎች «አሮጌ ውሃ» እያሉ የቆየ ውሃን እንደ ቅርስ ይጠብቁ ነበር። ያረጀው ውሃው ሳይሆን ጠጠሩ ነው፤ ልምዳቸው ትክክል፣ ምክንያታቸው ስሕተት።

ነገሩ በቪኖግራድስኪ አላበቃም። ናይትራይቱን የሚለውጠው ኒትሮባክተር ነው ተብሎ ለዘመናት ተጻፈ፤ በ1998 የወጣ ጥናት ግን በጨው አልባ ገንዳዎች ውስጥ ዋናው ሠራተኛ ኒትሮስፓይራ መሆኑን አሳየ። በ2015 ደግሞ ሁለቱንም ደረጃ ብቻውን የሚፈጽም የኒትሮስፓይራ ዓይነት ተገኘ፤ ከግኝቱ ቦታዎች አንዱም የዓሣ እርባታ ማጣሪያ ነበር።

ወደ ቤቴ ልመለስ። ገንዳውን እንደገና ስሞላ ውሃውን አስቀድሜ በክፍት ባልዲ አሳደርሁት፤ ክሎሪኑ እንዲተን ነው። የቆየ ገንዳ ካለው ወዳጄ ዘንድ ሄጄ የማጣሪያውን ስፖንጅ በራሱ በገንዳው ውሃ አስጨመቅሁና ያንን ቡናማ ጭማቂ በማሰሮ ይዤ መጣሁ። ባለቤቴ አይታ «ይህን እድፍ ልትጨምርበት ነው?» አለች። (ሳቅ) ጨመርሁበት። ዓሣ ሳላስገባ በየቀኑ ቁንጥር የዓሣ ምግብ እየጣልሁ፣ ጠብታ በሚጨመርበት መመርመሪያ ውሃውን እለካ ጀመር። አሞኒያው ወጣ፤ ወረደ፤ ናይትራይቱ ተከተለው። ልጄ የቀለሙን ለውጥ በደብተሯ ትመዘግብ ነበር። በሃያ ስድስተኛው ቀን ሁለቱም ዜሮ ሆኑ፤ ናይትሬት ብቻ ቀረ። ሁለት ቀን ደግመን ለካን። በሦስተኛው ቀን ወደ ሱቅ ወሰድኋት፤ ስንት ዓሣ እንደምትፈልግ ብጠይቃት ሁለት አለችኝ።