የግጥሚያ ሚዛን (የሚና ጨዋታ)

የግጥሚያ ሚዛን ማለት በጠረጴዛ ዙሪያ በሚካሄዱ የምናባዊ ዓለም የሚና ጨዋታዎች ውስጥ ገጸ ባሕርያት የሚገጥማቸውን አደጋ ከአቅማቸው ጋር የማመዛዘን ሥራ ነው። ሥራው የጨዋታው መሪ ነው። መሪው ዓለሙን ይተርካል፣ ጭራቆቹንም ያንቀሳቅሳል፤ ሌሎቹ ተጫዋቾች እያንዳንዳቸው አንድ ገጸ ባሕርይ ይዘው የሚያደርገውን ይናገራሉ፤ አጠራጣሪው ነገር በዳይስ ይወሰናል። ገጸ ባሕርይ ሲሞት ለወራት የተገነባ ታሪክ አብሮት ሊያበቃ ስለሚችል ጉዳዩ ቀላል አይደለም። ነገር ግን ጠላት ሁሉ በተጫዋቾቹ ልክ የተሰፋ ከሆነ ዓለሙ እውነት መምሰሉን ያጣል።

አመጣጥ

ጋሪ ጋይጋክስ እና ዴቭ አርነሰን የደረሱት ደንጀንስ ኤንድ ድራጎንስ እ.ኤ.አ. በ1974 ታተመ። በዚህ ጨዋታ ከመሬት በታች ባለው ዋሻና ግንብ ውስጥ ወደ ታች በተወረደ ቁጥር አደጋውም ሀብቱም ይጨምራል። ምን ያህል እንደሚወርዱ የሚመርጡት ተጫዋቾቹ ናቸው። የተገኘ ጭራቅ ሁሉም አይዋጋም፤ ዳይስ ተጥሎ ሊያጠቃ፣ ሊያመነታ ወይም ሊደራደር ይችላል። ወርቅ ይዞ መውጣትም የልምድ ነጥብ ያስገኝ ስለነበር ሳይዋጉ ሾልኮ ማለፍ ብልህነት እንጂ ፍርሃት አልነበረም።

ስሌቱ

እ.ኤ.አ. በ2000 የወጣው ሦስተኛው እትም ለእያንዳንዱ ጭራቅ የአስቸጋሪነት ቁጥር ሰጠ። ቁጥሩ 5 የሆነ ጭራቅ ደረጃ 5 ለደረሱ አራት ገጸ ባሕርያት ተመጣጣኝ ነው ማለት ነው። ብዙ ጊዜ የሚዘነጋው ግን ያው እትም ከመቶ 5 ያህሉ ግጥሚያዎች ከቡድኑ አቅም በላይ እንዲሆኑ መምከሩ ነው።

የ2014ቱ አምስተኛ እትም ስሌት በምሳሌ ይታይ። ኦገር የሚባለው ግዙፍ ጭራቅ 450 ነጥብ ያወጣል። ደረጃቸው 3 ለሆነ አራት ገጸ ባሕርያት ቀላል ግጥሚያ ከ300፣ መካከለኛ ከ600፣ ከባድ ከ900፣ ገዳይ ደግሞ ከ1600 ነጥብ ይጀምራል። ስለዚህ አንድ ኦገር ቀላል ነው። ሁለት ሲሆኑ ድምሩ 900 በ1.5 ተባዝቶ 1350 ይሆናል፤ ከባድ ነው። ሦስት ሲሆኑ ድምሩ በ2 ተባዝቶ 2700 ይደርሳል። ማባዣው የገባው ጠላት በበዛ ቁጥር በአንድ ዙር የሚሰነዘረው ምት ስለሚበዛ ነው። በ2024ቱ ክለሳ ይህ ማባዣ ቀርቷል።

ስሌቱ ግን የማያያቸው ነገሮች አሉ። ጠባብ ድልድይ ላይ የቆሙ ሦስት ኦገሮችና ሜዳ ላይ የከበቡ ሦስት ኦገሮች በወረቀት ላይ እኩል ናቸው። ቡድኑ አርፎ መጣ ወይስ ሦስት ጊዜ ተዋግቶ ደክሞ መጣ የሚለውም እንዲሁ።

ከዓለሙ እውነትነት ጋር ያለው ግጭት

በተራራው ላይ ቀይ ዘንዶ አለ ከተባለ፣ ደረጃ 3 ላይ ያለ ቡድን ቢወጣ ምን ይሆናል? በ2014ቱ እትም የጎልማሳ ቀይ ዘንዶ የእሳት ትንፋሽ 18 ዳይስ ይጣልበታል፤ አማካዩ 63 ነው። በዚያ ደረጃ ጠንካራ ተዋጊ እንኳ ያለው የሕይወት ነጥብ 30 ገደማ ስለሆነ ግማሹ ብቻ ቢያገኘውም ይወድቃል። መሪው ዘንዶውን በትንሽ ጭራቅ ቢተካ ተጫዋቾቹ ይተርፋሉ፣ ነገር ግን ወደ ተራራው መውጣትም አለመውጣትም ልዩነት የሌለው ምርጫ ይሆናል።

የዚህ ዓይነቱ ማመቻቸት መጨረሻው በኮምፒዩተር ጨዋታ በግልጽ ታይቷል። እ.ኤ.አ. በ2006 በወጣው ኦብሊቪየን ጠላቶች ከተጫዋቹ ጋር አብረው ያድጉ ስለነበር፣ ተራ የመንገድ ሽፍቶች ከጊዜ በኋላ እጅግ ውድ ጥሩር ለብሰው ይመጡ ነበር። ያን የሚያህል ንብረት ያለው ሰው ለጥቂት ሳንቲም መንገድ ላይ ለምን ያደባል ብለው ብዙ ተጫዋቾች ተችተዋል።

ቤን ሮቢንስ ዌስት ማርችስ በተባለው የጨዋታ አካሄዱ ሌላ መንገድ መርጧል፤ ከተማዋ ሰላም ናት፣ ከእርሷ በራቁ ቁጥር አደጋው ያይላል፣ ለማንም ተብሎም አይቀንስም። ይህ ፍትሐዊ የሚሆነው ግን ምልክት ሲኖር ነው፦ የተቃጠለ ጫካ፣ ከብቶቹ የጠፉበት እረኛ፣ ከተራራው ያልተመለሱ ሰዎች ወሬ።

መሸሽ

ምልክቱን ዘግይቶ ለተረዳ ቡድን የሚቀረው መሸሽ ነው፤ እዚህ ላይ የአዲሶቹ ደንቦች ድክመት ይታያል። በአምስተኛው እትም ሰው በአንድ ዙር 30 ጫማ ሲሄድ ኦገር 40 ጫማ ይሄዳል፣ ጎልማሳው ቀይ ዘንዶ ደግሞ 80 ጫማ ይበራል። ደንቡ እንደተጻፈ ከተያዘ በእግሩ የሚሸሽ ሁሉ ይያዛል። በ1980ዎቹ መጀመሪያ የወጡ እትሞች አሳዳጁ በተጣለለት ምግብ ወይም ወርቅ ተዘናግቶ ሊቆም እንደሚችል ይደነግጉ ነበር።