የትኛው መጽሐፍ ነው የተሳሳተው? የሾጣጣ ቀንድ አውጣዎች አመዳደብ ታሪክ



ባለፈው ወር ዘጠነኛ ክፍል ስለ ሕያዋን ነገሮች አመዳደብ እያስተማርኩ ነበር። ለቡድን ሥራ እንዲሆን ብዬ ከቤተ መጻሕፍታችን ስለ ባሕር እንስሳት የሚናገሩ ሁለት መጻሕፍት አመጣሁ። ሁለቱም በእርዳታ የመጡ ናቸው። አንደኛው በዕድሜ ተማሪዎቼን ሁሉ ይበልጣል፤ ሽፋኑም በፕላስተር ነው የተያያዘው። ሌላኛው አዲስ ነው። አንዲት ተማሪ ሁለቱን ጎን ለጎን ዘርግታ ስታነብ ቆየችና እጇን አወጣች።

«ቲቸር፣ ይሄኛው መጽሐፍ እነዚህ ቀንድ አውጣዎች ሁሉ አንድ ወገን ናቸው ይላል። ያኛው ደግሞ አራት ቦታ ይከፍላቸዋል። የትኛው ነው የተሳሳተው? ፈተና ላይ ቢመጣ የቱን እንጻፍ?»

ክፍሉ በሳቅ ተሞላ። ጥያቄው ግን የሚያስቅ አልነበረም። እኛ እዚህ ያለን መጽሐፍ የመጣልን እንጂ የመረጥነው አይደለም። አሮጌውም አዲሱም አንድ መደርደሪያ ላይ ይቀመጣል። ሁለቱ ሳይስማሙ ሲቀሩ ተማሪው ወይ አንዱን እንደ ውሸታም ይቆጥራል፣ ወይ ሁለቱንም ማመን ያቆማል። ያን ዕለት «ለጊዜው አዲሱን ያዙ» ብዬ አለፍኩ። መልሱ ግን ለራሴም አልጣመኝም። ስለዚህ የእነዚህን ቀንድ አውጣዎች ታሪክ አንብቤ የተረዳሁትን ላካፍላችሁ። ዓመቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

እንስሳው ምን ይመስላል?

ሾጣጣ ቀንድ አውጣ የባሕር እንስሳ ነው። ቅርፊቱ ልጆች መሬት ላይ የሚያሾሩትን እሽክርክሪት ይመስላል፤ ከላይ ሰፊ፣ ወደ ታች እየጠበበ የሚሄድ። አናቱን ስታዩት ከመሐል ተነስቶ እየዞረ የሚሰፋ ጠመዝማዛ መስመር አለው። የሚኖረው በአብዛኛው በሞቃት ባሕሮች ነው፤ በሕንድ ውቅያኖስ፣ በፓስፊክ፣ በቀይ ባሕርም ጭምር። ስለዚህ የሩቅ አገር ነገር አይደለም። በምጽዋ፣ በጅቡቲ ወይም በሞምባሳ ዳርቻ ያደገ ሰው ቅርፊቱን ሳያይ አይቀርም።

ለመሆኑ እንዲህ ቀርፋፋ ፍጥረት ምን ይበላል? አንዳንዱ ትል፣ አንዳንዱ ሌላ ቀንድ አውጣ፣ አንዳንዱ ደግሞ ዓሣ! ሌሎች ቀንድ አውጣዎች ምግባቸውን የሚፍቁት ምላሳቸው ላይ በተደረደሩ እንደ ሞረድ ባሉ ጥርሶች ነው። የሾጣጣው ጥርስ ግን እንደ ሲሪንጅ መርፌ ውስጡ ክፍት ነው። በመርዝ ይሞላውና እንደ ጦር ይወጋበታል። ከመካከላቸው ሰው የሚገድሉም አሉ።

ሰው ግን ከእንስሳው ይልቅ ቅርፊቱን ነበር የሚፈልገው። ስኮትላንዳዊው ተጓዥ ዴቪድ ሊቪንግስተን በ1854 በዛሬዋ ሰሜን ምዕራብ ዛምቢያ አካባቢ ሺንቴ ከተባለ አለቃ ዘንድ ደርሶ ነበር። አለቃው የዚህን ቅርፊት ጫፍ የወዳጅነት ምልክት አድርጎ ሰጠው። ሊቪንግስተን በ1857 ባሳተመው መጽሐፉ እንደጻፈው በዚያ አገር በሁለት እንዲህ ያለ ቅርፊት አንድ ባሪያ ይገዛ ነበር፤ አምስቱ ደግሞ ለአንድ የዝሆን ጥርስ ጥሩ ዋጋ ነበር። ከባሕር በራቀ ቁጥር ዋጋው ይንራል ማለት ነው።

ዓይነ ስውሩ መዝጋቢ

ስለነዚህ እንስሳት በጥንቃቄ ከጻፉት ቀደምት ሰዎች አንዱ ጆርጅ ኤበርሃርድ ሩምፊየስ ነው። በ1627 ጀርመን አገር ተወልዶ በሆላንድ የምሥራቅ ሕንድ ኩባንያ ተቀጠረና በዛሬዋ ኢንዶኔዥያ ወደምትገኘው አምቦን ደሴት ሄደ። ዕድሜውን የጨረሰው እዚያው ነው። የደሴቱን ዕፅዋትና የባሕር እንስሳት ሰበሰበ፣ አገሬውን እየጠየቀ የማላይ ስሞቻቸውን ጭምር መዘገበ።

በ1670 ዓይኑ ጠፋ። በ1674 በደረሰው የመሬት መንቀጥቀጥ ባለቤቱና ሴት ልጁ ሞቱ። በ1687 እሳት ተነስቶ መጻሕፍቱንና ሥዕሎቹን በላበት። በ1692 ስለ ዕፅዋት የጻፈው ትልቅ ሥራ ወደ አውሮፓ ሲላክ የጫነችውን መርከብ ፈረንሳዮች አሰመጧት። ደግነቱ አስተዳዳሪው ቀድሞ ግልባጭ አስቀርቶ ነበር። ሰነዱ የተቃጠለበት ሰው ምን እንደሚሰማው ለዚህ መጽሔት አንባቢ ማስረዳት ያለብኝ አይመስለኝም። ሩምፊየስ ግን ለጸሐፊዎች በቃል እየነገረ፣ ሥዕሉንም በሌሎች እጅ እያሳለ እንደገና ሠራው።

ስለ ባሕር ቅርፊቶች የጻፈው መጽሐፍ አምስተርዳም ውስጥ የታተመው በ1705 ነው። እሱ የሞተው በ1702 ስለሆነ ታትሞ አላየውም። የጎደሉት ሥዕሎች ሆላንድ ውስጥ ከነበሩ ስብስቦች ተሟሉ። በመጽሐፉ ውስጥ በባንዳ ደሴት በባርነት ትኖር ስለነበረች አንዲት ሴት ይተርካል። መረብ ሲጎተት ያገኘችውን ሾጣጣ ቀንድ አውጣ በእጇ ይዛ ወደ ዳርቻው ስትሄድ መጀመሪያ ቀላል ማሳከክ ተሰማት። ማሳከኩ ከእጇ ተነስቶ ሰውነቷን አዳረሰ፤ ሞተች። የሴትየዋ ስም አልተጻፈም። ሆኖም ይህ እንስሳ ሰው እንደሚገድል በጽሑፍ ከተመዘገቡ ማስረጃዎች ቀዳሚው የእሷ ሞት ነው።

ሊኒየስ፦ ከቅርፊቱ ብቻ

እንግዲህ ወደ አመዳደቡ እንምጣ። ስዊድናዊው ካርል ሊኒየስ በ1758 ባወጣው መጽሐፍ እነዚህን እንስሳት ኮነስ በሚል የወገን ስም ሰበሰባቸው። ቃሉ በላቲን ሾጣጣ ማለት ነው። ለየዝርያውም ሁለተኛ ስም ሰጠ። የተሸመነ ጨርቅ የሚመስለውን ቴክስታይል፣ የካርታ ሥዕል የሚመስለውን ጂኦግራፈስ፣ ሌላውን ደግሞ ማገስ፣ ማለትም ጠንቋይ አለው። የእንስሳት ሳይንሳዊ ስም አቆጣጠር የሚጀምረው ከዚህ ከ1758 መጽሐፍ ነው። በ1705 የታተሙት የሩምፊየስ ስሞችና አገሬው ይጠራባቸው የነበሩት ስሞች በሕጉ አይቆጠሩም።

ሊኒየስ እነዚህን እንስሳት በሕይወት ሳሉ ባሕር ውስጥ አላያቸውም። የሠራው የስዊድን ንግሥት ስብስብን በመሰሉ ደረቅ ቅርፊቶችና በመጻሕፍት ሥዕሎች ነው፤ የሩምፊየስም ሥዕሎች ከእነዚህ አንዱ ነበሩ። ስለዚህ የመጀመሪያው አመዳደብ መለኪያ ቅርጽና ቀለም ብቻ ነበር።

ቅርጽና ቀለም ደግሞ ያታልላል። አንዱ ዝርያ በተለያየ ቦታ የተለያየ ቀለም ሲኖረው ሰብሳቢዎች እየመሰላቸው ሦስት አራት ስም ያወጡለት ነበር። ቅርፊት በሐብታሞች ዘንድ ውድ ዕቃ ስለነበር አዲስ ስም ማውጣት ጥቅምም ነበረው። በ1777 ስም የተሰጠው ኮነስ ግሎሪያማሪስ፣ «የባሕር ክብር»፣ ለሁለት መቶ ዓመት ያህል እጅግ ብርቅ ሆኖ ኖረ። በ1969 ጠላቂዎች በሰለሞን ደሴቶች መኖሪያውን አገኙና ብዙ ሲያወጡ ዋጋው ወደቀ። እንስሳው ድሮም ነበረ፤ ሰው አላገኘውም እንጂ።

ከቅርፊት ወደ ጥርስ፣ ከጥርስ ወደ ዲኤንኤ

እዚህ ላይ ለተማሪዎች አንድ ነገር ላስታውስ። ዝርያዎች በወገን ይጠቃለላሉ፣ ወገኖች ደግሞ በቤተሰብ (አስተኔ)። ስኮትላንዳዊው ጆን ፍሌሚንግ በ1822 ኮኒዴ የሚለውን የቤተሰብ ስም አወጣ። ጀርመናዊው ፍራንዝ ትሮሼል ደግሞ ከ1856 ጀምሮ በየክፍሉ ባሳተመው መጽሐፍ ቅርፊቱን ትቶ የቀንድ አውጣዎችን ጥርስ በማይክሮስኮፕ መመርመር ያዘ። በዚህ መንገድ በመልክ የማይመሳሰሉ መርዘኛ ቀንድ አውጣዎች በጥርስ ዘመዳሞች መሆናቸው እየታየ መጣ።

በ1950ዎቹ አሜሪካዊው አለን ኮን በሃዋይ ሕያዋኑን እንስሳት ማጥናት ጀመረ። ዓሣ ወግተው እንደሚበሉ የሚያሳየውን ጥናት በ1956 አሳተመ። ከዚያም ሊኒየስ ስም ወደሰጣቸው አሮጌ ናሙናዎች ተመልሶ የትኛው ስም ለየትኛው ዝርያ እንደሆነ አጣርቶ በ1963 አወጣ። አየር ላይ ተንጠልጥለው የነበሩ ስሞች ባለቤታቸውን አገኙ ማለት ይቻላል።

ነገሩ ግን በዚህ አላበቃም። በ1993 እንግሊዛዊው ጆን ቴይለርና ሩሲያውያኑ ዩሪ ካንቶርና አሌክሳንደር ሲሶዬቭ የውስጥ አካልን በማጥናት አመዳደቡን ከለሱት። ቱሪዴ ከሚባለው ጎረቤት ቤተሰብ ብዙ ቡድኖችን አውጥተው ወደ ኮኒዴ አስገቡ። ቤተሰቡ በአንዴ ሰፋ። ከዚያ የዲኤንኤ ምርመራ መጣ። በ2011 በወጣው አዲስ አመዳደብ የገቡት ቡድኖች ተመልሰው ወጡ፣ ኮኒዴም ጠበበ። ይህን ያደረጉት እነማን ናቸው ብትሉ፣ ከአራቱ ጸሐፊዎች ሁለቱ ራሳቸው ካንቶርና ሲሶዬቭ ናቸው። ከ18 ዓመት በፊት የጻፉትን በገዛ እጃቸው አረሙት። ማንም አላፈረባቸውም።

በዚሁ ጊዜ በቤተሰቡ ውስጥም ክርክር ነበር። በ2009 ጆን ተከርና ማኑኤል ቴኖሪዮ ባሳተሙት መጽሐፍ ነባሩን ኮነስ በብዙ ደርዘን ወገኖች ከፋፈሉት። ሌሎች ይህን አልተቀበሉም። በ2014 ኒኮላ ፒዩላንድርና ባልደረቦቹ በዲኤንኤ ላይ ተመሥርተው ያወጡት ጥናት ርዕሱ ራሱ ጥያቄ ነበር፤ አንድ፣ አራት ወይስ መቶ ወገን? መልሳቸው አራት ነበር፦ ኮነስ፣ ኮናስፕሬላ፣ ፕሮፈንዲኮነስ እና ካሊፎርኒኮነስ። አብዛኛው ዝርያ በኮነስ ውስጥ ቀረ፤ ካሊፎርኒኮነስ ግን አንድ ዝርያ ብቻ ነው ያለው። ከዚያ ወዲህ ጥቂት ትናንሽ ወገኖች ተጨምረዋል። የተማሪዬ አዲስ መጽሐፍ እንግዲህ የ2014ቱን ተከትሎ ነው።

ይሄ ሁሉ ለምን ይጠቅማል?

«ስም ብቻ እኮ ነው» የሚል አይጠፋም። አይደለም። ፊሊፒናዊው ባልዶሜሮ ኦሊቬራ ከተማሪዎቹ ጋር የእነዚህን ቀንድ አውጣዎች መርዝ ለብዙ ዓመታት አጥንቷል። ሊኒየስ ጠንቋይ ካለው ከኮነስ ማገስ መርዝ በተገኘው ንጥረ ነገር አምሳያ ዚኮኖታይድ የተባለ የሕመም ማስታገሻ ተሠርቶ በ2004 አሜሪካ ውስጥ ተፈቀደ። ሞርፊን ላልበቃቸው ከባድ ሕመምተኞች የሚሰጥ ነው። በ2015 ደግሞ ጂኦግራፈስ ዓሣን የሚያደነዝዘው በኢንሱሊን ጭምር እንደሆነ ታወቀ። የየዝርያው መርዝ የተለያየ ስለሆነ ሐኪሙም ተመራማሪው የትኛው ከየትኛው ጋር እንደሚዛመድ ማወቅ አለበት። ስሙን የሳተ መድኃኒቱንም ይስታል። ኦሊቬራ ከ2014ቱ ጥናት ጸሐፊዎች አንዱ የሆነውም ያለ ምክንያት አይደለም።

ለተማሪዬ የሰጠሁት መልስ

በሚቀጥለው ክፍለ ጊዜ ይህን ነገርኳት። አሮጌው መጽሐፍ አልዋሸም። በዘመኑ በእጁ የነበረው ማስረጃ ቅርፊትና ጥርስ ነበር፤ በእሱ መሠረት ትክክለኛውን ጻፈ። አዲሱ ደግሞ ዲኤንኤን አየ። እሱም ነገ ሊታረም ይችላል። መጽሐፍ ስታነሱ መጀመሪያ የታተመበትን ዓመት እዩ፣ ቀጥሎ «ይህን ያወቁት በምን አይተው ነው?» ብላችሁ ጠይቁ። ለዋናው ፈተና የክፍሉን የመማሪያ መጽሐፍ ተከተሉ። በእኔ ፈተና ግን «አንድ» ያለም «አራት» ያለም፣ ማስረጃውንና ዓመቱን ከጻፈ ሙሉ ማርክ ያገኛል።

እሷም ዝም አላለችም። «ታዲያ አሮጌውን እንጣለው?» አለችኝ። አይጣልም። አሁን ሁለቱ መጻሕፍት አንድ ላይ ነው የሚቀመጡት። የውስጥ ሽፋናቸው ላይም ተማሪዎቹ የታተሙበትን ዓመት በትልቁ ጽፈውባቸዋል።

ለክፍል ውይይት

1. ሊኒየስ ሕያው እንስሳውን ቢያይ ኖሮ አመዳደቡ የሚለወጥ ይመስላችኋል? ለምን?
2. ካንቶርና ሲሶዬቭ የራሳቸውን ሥራ አርመዋል። አንድ መምህር ክፍል ውስጥ የተናገረውን ቢያርም ተማሪዎች እንዴት ሊያዩት ይገባል?
3. በቤተ መጻሕፍታችን እርስ በርስ የማይስማሙ ሁለት መጻሕፍት ፈልጉ። የታተሙበትን ዓመትና የተጠቀሙበትን ማስረጃ አወዳድራችሁ ለክፍሉ አቅርቡ።