ስንት ስንዝር ከፍ ትበል?

በ2011 ዓ.ም. ነሐሴ መገባደጃ ላይ፣ ከደነባ ወደ እነዋሪ ከሚወስደው መንገድ ተገንጥሎ እናቴ ቀዬ በሚያደርሰው የመረሬ መንገድ ላይ፣ ከታላቅ ወንድሜ የወረስኳት አሮጌ ላንድክሩዘር ፒክአፕ በጥንድ በሬ ተጎትታ ወጣች። በሬዎቹ የጅሩ በሬዎች ናቸውና በእነርሱ መጎተት ብዙም አያሳፍርም። ያሳፈረኝ ጋቢዋን ተከናንባ ጋቢና ውስጥ የተቀመጠችው እናቴ የተናገረችው ነው። ትኩሳቱ እያንቀጠቀጣት በመስኮት አንገቷን ብቅ አድርጋ ወደ ታች አየችና፣ «ልጄ፣ ይኼ መኪና በእግሩ ነው በሆዱ የሚሄደው?» አለችኝ።

እውነቷን ነበር። አራቱም ጎማዎች ትራክተርና የጭነት መኪና በቆፈሩት ቦይ ውስጥ ሰምጠዋል። በሁለቱ ቦዮች መካከል የቀረው የጭቃ ጀርባ ደግሞ ዲፈረንሻሉን ከሥር ደግፎ ተሸክሞታል። ጎማዎቹ ቢሽከረከሩም የሚረግጡት ነገር የለም። መኪናዋ ቆማ ሳይሆን ጭቃ ላይ ተኝታ ነበር። ደብረ ብርሃን ሆስፒታል የደረስነው ከመሸ በኋላ ነው። ሐኪሙ «ትንሽ ብትዘገዩ ኖሮ…» ብሎ ጀመረና ሳይጨርሰው ተወው።

በመስከረም መኪናዋን ይዤ አዲስ አበባ ወደማውቃቸው አዛውንት መካኒክ ሄድኩ። የእህቴ ልጅ አብሮኝ ነበር። እርሱ ነገሩን በልቡ ጨርሶታል። የአሜሪካ መኪኖችን ፎቶግራፍ በስልኩ ላይ ደርድሮ፣ «አጎቴ፣ ስድስት ኢንች እናስነሣት፤ ጎማዋን ደግሞ ሠላሳ ሰባት እናድርገው፤ ከዚያ ወዲያ ማን ያቆማታል!» ይላል። ሽማግሌው መነጽራቸውን አድርገው ፎቶግራፎቹን አንድ በአንድ ተመለከቱና ወደ እኔ ዞር ብለው፣ «ከፍ ይበል የምትሉት ምኑ ነው?» ሲሉ ጠየቁኝ።

«መኪናዋ ነዋ፣ ጋሼ» አልኳቸው።

«መኪናዋ ብዙ ናት» አሉኝ።

የታሪክ መምህር ነኝና ያልገባኝን ነገር የምፈታው ወደ ኋላ ሄጄ ነው። ይህንንም እንደዚያው አደረግሁ።

ከሁሉ አስቀድሞ ግን ስለ ጋራዡ ቋንቋ ጥቂት ልበል። ሽማግሌው ሲናገሩ ባልስትራ፣ ሞላ፣ ካምቢዮ፣ ክሮቼራ፣ ፍሪሲዮን፣ ቸርኬ ይላሉ። ጎማ የሚጠግነው ጎሚስታ ነው፤ ጎማ ራሱ ጣሊያንኛ ነው። ጣሊያን ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. በቆየበት ጊዜ ተራራውን እየቆረጠ መንገድ ሲያወጣ፣ በመንገዱ ላይ ፊያትና ላንቺያ ከባድ መኪኖቹን አሰለፈ። ከእነዚህ አንዱን፣ ፊያት 634ን፣ ሕዝባችን «ትሬንታ ኳትሮ» እያለ ሲጠራው ኖሯል። ጠላትን ከአገር ያስወጣ ሕዝብ ቃሉን ከጋራዥ አላስወጣውም። የሚያስወጣበትም ምክንያት አልነበረውም፤ ባልስትራው ሲሰበር የሚጠግነው እርሱ ነበርና።

መኪና ሲፈጠር አጭር አልነበረም። ሄንሪ ፎርድ እ.ኤ.አ. ከ1908 እስከ 1927 አሥራ አምስት ሚሊዮን ያህል ያመረታት ሞዴል ቲ የተሠራችው ለገበሬ ነው። የዚያን ዘመን የአሜሪካ ገጠር መንገድ ከእኛ የመረሬ መንገድ የሚሻል አልነበረም። ስለዚህ ፎርድ መኪናዋን በረጃጅምና በቀጫጭን ጎማዎች ላይ ሰቀላት። ከፊት አንድ፣ ከኋላ አንድ ባልስትራ በአግድም አደረገላት። አንዱ ጎማ ጉድጓድ ሲገባ ሌላው ጉብታ ሲወጣ አክስሉ እንደ ሚዛን እያዘነበለ ይሄድ ነበር። ያን ጊዜ ማንም ሰው «መኪናዬን ከፍ አድርጉልኝ» ብሎ ጋራዥ አልሄደም፤ ሁሉም ከፍ ያለ ነበርና። እንግሊዛዊው ቢድ ቤንትሌይ በ1900 ዓ.ም. ሲድሌይ የተባለችውን መኪና ለአፄ ምኒልክ አዲስ አበባ ድረስ ሲያመጣም ዘመኑ ይኸው ነበር። አስፋልቱ ሲመጣ ነው መኪናው ጎንበስ ያለው። መንገዱ ሲለሰልስ ፍጥነት ተፈለገ፤ ለፍጥነት ደግሞ ወደ መሬት መቅረብ ይበጃል።

ከዚህ ቀጥሎ የሚመጣው ሰው በዚህ ታሪክ ውስጥ እኔ ከሁሉ የማደንቀው ነው። ራልፍ ባግኖልድ የእንግሊዝ ጦር መኮንን ነበር። በ1920ዎቹ መጨረሻና በ1930ዎቹ ግብፅና ሊቢያ መካከል ያለውን የአሸዋ ባሕር ከጓደኞቹ ጋር በፎርድ መኪኖች አቋረጠ። ከዚያ በፊት ብዙዎች ያን አሸዋ መኪና አያልፈውም ይሉ ነበር። ባግኖልድ ግን መኪኖቹን ከፍ በማድረግ አልደከመም። ትርፍ ክብደታቸውን ቀነሰ፣ ለተቀበሩ ጎማዎች መውጫ የብረት ሰሌዳ ያዘ፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ ከጎማው ነፋስ አጎደለ። ነፋሱ የጎደለ ጎማ መሬት ላይ ይተኛል፤ ሲተኛ ክብደቱ በሰፊ ቦታ ላይ ይከፋፈላል፤ እንደ ግመል ኮቴ ማለት ነው። እ.ኤ.አ. በ1940 ያቋቋመው የረጅም ርቀት የበረሃ ቡድን በዚሁ ብልሃት ከጣሊያንና ከጀርመን ጦር ጀርባ ሲመላለስ ከረመ። ይህ ሰው በ1941 ስለ ነፋስና ስለ አሸዋ ያሳተመው መጽሐፍ ዛሬም በሊቃውንት ዘንድ ይጠቀሳል። ለመኪና ቁመት ግን ያበረከተው ትምህርት ምንም ገንዘብ የማይጠይቅ ነው፤ የነፋስ መክፈቻ አንዲት ክዳን ብቻ።

ያው ጦርነት ጂፕን ወለደ። ጂፕ ትንሽ ናት፤ ሆዷ ከመሬት የሚርቀው አንድ ስንዝር ያህል ብቻ ነው። ጎማዋም ቀጭን፣ 6.00-16 ነበር። የጃፓኑ ቶዮታ እ.ኤ.አ. በ1951 ቢጄ የተባለችውን መኪናውን ሠርቶ የፉጂ ተራራን እስከ ስድስተኛው ጣቢያ ሲያስወጣትም እንዲሁ ባለ ቀጭን ጎማ ነበረች። በ1954 ላንድክሩዘር የሚል ስም የወጣላት ይህችው ናት። የእኔዋም ከዚያ ዘር ትመዘዛለች፤ ከ1999 በፊት የተሠራች ስለሆነች ከፊትም ከኋላም የምትቆመው በባልስትራ ነው።

ታዲያ ማስነሣት የሚባለው ነገር ከየት መጣ? ከካሊፎርኒያ በረሃ ነው። ከጦርነቱ የተረፉ ጂፖች በርካሽ ተሸጡ፤ ወጣቱም እየገዛ ወደ አሸዋው ወረደ። በ1960ዎቹ ዲክ ሴፔክን የመሳሰሉ ነጋዴዎች ለሌላ ሥራ የተሠሩ ሰፋፊ ጎማዎችን ለእነዚህ ሰዎች መሸጥ ያዙ። ሰፊው ጎማ ግን ፓራፋንጎው ሥር አልገባ አለ። መሪ ሲዞር ይፈገፍጋል፤ ጉድጓድ ሲመታ ከላይ ይነካል። ስለዚህ ባልስትራው ተነሣ። አንባቢዬ ይህችን ነገር ልብ ይሏታል፤ መኪናው የተነሣው ለጎማው ቦታ ለመስጠትና ጎማው ወደ ላይና ወደ ታች እንደ ልቡ እንዲንቀሳቀስ እንጂ፣ መነሣቱ በራሱ ተፈልጎ አልነበረም። እ.ኤ.አ. በ1967 የተጀመረው የባኻ በረሃ ውድድርም ያስተማረው ይህንኑ ነው። ጎማው መሬቱን ሳይለቅ የሚቆይለት ሰው ይቀድማል።

ልማድ ግን ምክንያቱን ይረሳል። በ1970ዎቹ በሚዙሪ ግዛት ቦብ ቻንድለር የሚባል የመኪና መለዋወጫ ነጋዴ በ1974 የተሠራች ፎርድ ፒክአፑን እያስነሣ፣ እየሰበረ፣ ደግሞ እያጠነከረ ቀጠለ። «ቢግ ፉት» ብሎ ሰየማት፤ የነዳጅ መርገጫ ላይ እግሩ ከባድ ነው እያሉ ወዳጆቹ ስለሚቀልዱበት ነው። ጎማዋን 48 ኢንች አደረሰው። እ.ኤ.አ. በ1981 በአሮጌ መኪኖች ላይ ወጥታ ስትጨፈልቃቸው ታየች፤ ሕዝብ አበደ። ብዙም ሳይቆይ ጎማዋ 66 ኢንች ሆነ፤ ይህም ከአማካይ ሰው ቁመት እምብዛም አያንስም። ያ ጎማ የተሠራው ለምን እንደነበር ያውቃሉ? ለእርሻ ማዳበሪያ መበተኛ መኪና ነው፤ ማሳውን እንዳይረግጠው ተብሎ። እርሱን ለመሸከም ደግሞ የጦር ሠራዊት ከባድ መኪና አክስል አስፈለገ። የእህቴ ልጅ በስልኩ ያሳየኝ ፎቶግራፎች ሁሉ የዚህች መኪና የልጅ ልጆች ናቸው። ለትርዒት የተሠራች መሆኗን ማንም አልነገረውም። እኔም ያን ጊዜ አላውቅም ነበር።

እዚህ ላይ ነው የሽማግሌው ጥያቄ የተፈታልኝ። ጎማው አክስሉን ይሸከማል፤ አክስሉ ባልስትራውን፤ ባልስትራው ደግሞ ሻንሲውንና ጋቢናውን። ባልስትራው ቢያድግ የሚነሣው ከእርሱ በላይ ያለው ብቻ ነው። ዲፈረንሻሉ ያለው አክስሉ ላይ ነውና ያለበት ይቀራል። የእህቴ ልጅ እንዳለው ስድስት ኢንች ብናስነሣት፣ እናቴ አሥራ አምስት ሳንቲ ሜትር ከፍ ብላ እዚያው ጭቃ ላይ ትቀመጥ ነበር። አክስሉን ከፍ የሚያደርገው ጎማ ብቻ ነው፤ እርሱም በግማሹ። ጎማው በስምንት ሳንቲ ሜትር ቢያድግ አክስሉ በአራት ይነሣል።

ሌላ መንገድ የለም አይባልም። ጀርመኖች ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ለገበሬ የሠሯት ኡኒሞግ አለች። ምርቷ የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ1948 ሲሆን፣ የግራና የቀኝ ጎማዎቿ ርቀት በሁለት የድንች ትልም ልክ ተለክቶ ነው የተሠራው። አክስሏ ከጎማው መሐል በላይ ያልፍና ጎማው ዘንድ ሲደርስ በጥርስ ወደ ታች ይወርዳል፤ ዲፈረንሻሉም ከጭቃው በላይ ይቀራል። ብልህ ሥራ ነው። እንዲህ ያለ አክስል ለእኔ መኪና ላስገጥም ብል ግን ቤቴን መሸጥ ሊኖርብኝ ነው።

አይስላንዶች ደግሞ በ1980ዎቹ የበረዶ ግግር ላይ ለመንዳት 38 ኢንች ጎማ ገጠሙና ነፋሱን እስከ መጨረሻው አጎደሉት። በእግሩ የሚሄድ ሰው የሚሰምጥበትን በረዶ መኪናው ላዩን ይሄድበት ጀመር። በ1990 በአይስላንድ የቶዮታ ወኪል ሥር የተጀመረው አርክቲክ ትራክስ ይህን ሥራ ሙያ አደረገው። በ2007 የእንግሊዝ ቴሌቪዥን ጋዜጠኞች ቶዮታ ሃይለክስ ነድተው የሰሜን መግነጢሳዊ ዋልታ በ1996 ይገኝበት ወደነበረው ሥፍራ የደረሱት በእነርሱ መኪና ነው። እነርሱም ቢሆኑ የሚያነሡት ጎማው እስኪገባ ድረስ ብቻ ነው፤ የቀረውን ፓራፋንጎውን ቆርጠው ያስተካክሉታል።

ይህን ሁሉ ይዤ ወደ ጋራዡ ተመለስኩ። ሽማግሌው ሳቁብኝ። «ጊዜ አለህ ማለት ነው» አሉና ወረቀት አወጡ። የመኪናዬ ጎማ 7.50-16 ነው፤ ቁመቱ 81 ሳንቲ ሜትር ግድም። የእህቴ ልጅ የፈለገው 94 ይሆናል። አክስሉን ስድስት ሳንቲ ሜትር ተኩል ያነሣዋል፤ ነገር ግን የፍጥነት መቁጠሪያው 80 ሲል መኪናዋ 93 ትሄዳለች፤ ማርሹ ሁሉ ይከብዳል፤ ፍሬኑ ለማያውቀው ጎማ ይታዘዛል። ከዚህም ሌላ ያ ጎማ ሰፊ ነው። አሸዋና በረዶ ሰፊ ጎማ ይወዳሉ። መረሬ ግን ሌላ ነው፤ ሰፊውን ጎማ ለብሶት ይቀመጣል፤ ጥርሱ ይሞላና ጎማው እንደ እንቁላል ይሙለጨለጫል። ስለ ማስነሣቱም ነገሩኝ። ባልስትራው በጣም ሲነሣ ከካምቢዮ ወደ አክስሉ የሚወርደው ዘንግ ይጠመማል፤ ክሮቼራው ቶሎ ያልቃል። የብስክሌት ሹካ ወደ ፊት ያዘነበለ መሆኑ ነው ብስክሌቱን ቀጥ የሚያደርገው፤ የመኪናም የፊት አክስል እንዲሁ በልክ ያዘነብላል፤ በማስነሣት ያ ልክ ሲጠፋ መሪው ይቅበዘበዛል። ከዚያ በኋላ በኩርባ ላይ መገልበጥ አለ።

በመጨረሻ የተስማማነው ከሞዴል ቲ እምብዛም በማይርቅ ነገር ላይ ነው። ረጅምና ቀጭን ጎማ፤ 9.00-16፣ ቁመቱ 89 ሳንቲ ሜትር ግድም፣ ጥርሱ ጥልቅ፣ ለጦር መኪና የሚሠራው ዓይነት። አክስሉ በአራት ሳንቲ ሜትር ይነሣል። መቁጠሪያው 80 ሲል 88 እንደምሄድ ማስታወስ የእኔ ፈንታ ነው። ወንድሜ ለዓመታት ጤፍ ሲጭንበት የተጋደመው ባልስትራ በአዲስ ተተክቶ አምስት ሳንቲ ሜትር ይነሣል፤ ከዚያ አያልፍም። ቸርኬው ይለወጣል፤ ፓራፋንጎው ትንሽ ይቆረጣል። ነፋስ ማጎደሉ የባግኖልድ ነው፤ መልሶ ለመንፋት አንድ ትንሽ ፓምፕ ገዛሁ። «ከሁሉም በላይ ግን» አሉኝ ሽማግሌው፣ «ጎማህን ቦዩ ውስጥ አትክተት። አንዱን በጀርባው፣ አንዱን በዳሩ አስኪደው። ይኼን ጎማ አይሠራልህም።» የእህቴ ልጅ አኮረፈ። ሥራው አልቆ መኪናዋን ሲያያት ግን ከጎኗ ቆሞ ፎቶግራፍ ተነሣ።

አንድ ነገር ግን እኔም ሆንኩ ያ ሁሉ ታሪክ አላሰብነውም ነበር። የጋቢናው ወለል በጠቅላላው ዘጠኝ ሳንቲ ሜትር ከፍ ብሏል። ያስታወሱት ሽማግሌው ናቸው። ገንዘቡን ስከፍላቸው፣ «እናትህ ስንት ዓመታቸው ነው አልከኝ?» አሉ። ሰማንያ ሁለት አልኳቸው። ቁልፉን ከእጄ ተቀብለው፣ «ነገ ተመለስ» አሉኝ።

በ2012 ነሐሴ እናቴ ለምርመራ ደብረ ብርሃን መሄድ ነበረባት። በጠዋት መኪናዋን ደጃፏ ላይ አቆምኩ። የበሬዎቹ ባለቤት ጎረቤታችን ቀንበር ተደግፎ ከሩቅ ያየናል። እናቴ በሩን ይዛ ወደ ላይ አየች፤ ወደ ታች አየች፤ ከዚያም ወደ እኔ ዞረች።

«መሰላሉስ የታል?» አለችኝ።

ጎንበስ ብዬ፣ ሽማግሌው ከአሮጌ ፊያት ፓራውልት ቆርጠው ከበሩ ሥር የበየዱትን መረገጫ አሳየኋት።