የፓሪሱ የመሐንዲሶች ትምህርት ቤትና የድኃው ልጅ

የፈረንሳይ አብዮት መንግሥት በ1794 እ.ኤ.አ. በፓሪስ ከተማ፣ በኋላ ኤኮል ፖሊቴክኒክ የተባለውን የመሐንዲሶች ትምህርት ቤት ሲያቋቁም፣ ለመግቢያ የተጠየቀው የዘር ክብር ሳይሆን የሒሳብ ፈተና ነበር። ያለፈውም ተማሪ ከመንግሥት ደመወዝ ይቀበል ስለ ነበር፣ ድኃም ቢሆን ስለ ዕለት ጉርሱ ሳይጨነቅ ለመማር ይችል ነበር።

ነገር ግን ናፖሊዮን በ1804 ትምህርት ቤቱን ወታደራዊ አደረገው። ተማሪዎቹ የደንብ ልብስ ለብሰው በጦር ሰፈር ሥርዓት ይኖሩ ጀመር። የወደፊት ሥራቸውንም የሚወስነው በፈተና ያገኙት ደረጃ በመሆኑ፣ ፉክክሩ በመግቢያው በር የሚያበቃ አልነበረም። በ1805 ደግሞ ደመወዙ ቀርቶ፣ ተማሪው በዓመት 800 ፍራንክ እንዲከፍል ታዘዘ። የመግቢያው ውድድር እንደ ቀድሞው ቀጠለ፤ ለድኃው ልጅ ግን በሩ ጠበበ።

እንግዲህ ለሁሉም አንድ ዓይነት ጥያቄ ማቅረብ ብቻውን እኩልነት አይባልም። ተማሪው መልሱን ለመጻፍ እስኪበቃ ድረስ ማን እንደሚያበላው መጠየቅም የመምህራን ተግባር ነው።