የስብስብ ሐሳብ፤ ከሃሌ ከተማ እስከ አጅባር

በዘመናዊው የሒሳብ ትምህርት ውስጥ ከቁጥርም፣ ከመሥመርም፣ ከእኩልታም በፊት የሚቀመጥ አንድ መሠረታዊ ሐሳብ አለ፤ ይኸውም ስብስብ ይባላል። በምዕራብ ደቡብ ወሎ ደጋ፣ በአጅባር ወይም በመካነ ሰላም፣ የ9ኛ ክፍል የሒሳብ መጽሐፉን የሚገልጥ ተማሪ እንደ አዲስ አበባው ጓደኛው ሁሉ ስለ አባል፣ ስለ ንዑስ ስብስብና ስለ ባዶ ስብስብ ይማራል። ምልክቶቹን በደብተሩ ይጽፋል፤ ክቦቹን ይሥላል፤ በፈተናም ይመልሳል። ይሁን እንጂ ሐሳቡ ለምን እንደ ተፈጠረ፣ በምን መንገድ ወደ ደጋው እንደ ደረሰና ለምን ሥራ እንደሚውል ሳይረዳ ምልክቱን ብቻ ይዞ የሚያልፍ ተማሪ ጥቂት አይደለም። ታሪኩ በሚገባ ሲመረመር ግን ስብስብ «ማን አለ? ማን የለም? ማን ሁለት ጊዜ ተቆጠረ? ማንስ ጭራሽ ተረሳ?» ለሚሉት ጥያቄዎች የሚያገለግል መሣሪያ መሆኑ ይገለጣል።

የሐሳቡ አመጣጥ

ሐሳቡን በሥርዓት ያቋቋመው እ.ኤ.አ. በ1845 በሴንት ፒተርስበርግ የተወለደውና ከ1869 ጀምሮ በጀርመን አገር በሃሌ ዩኒቨርሲቲ ያስተማረው ጌኦርግ ካንቶር ነው። ካንቶር ከመነሻው ስለ ስብስብ ሊመራመር አላሰበም። ጥያቄው የመጣው መሐንዲሶች በሚገባ ከሚያውቁት ሥፍራ፣ ማለትም ፉርየ የሙቀትን ጉዞ ለማስላት ከተጠቀመበት የሳይንና የኮሳይን ድምር ነበር። አንድ ፈንክሽን በእንዲህ ያለ ድምር ሊጻፍ የሚችለው በአንድ መንገድ ብቻ ነው ወይስ በብዙ? ካንቶር ይህን ሲመረምር በመሥመር ላይ ያሉ አንዳንድ ነጥቦች ከሒሳቡ ቢቀሩ እንኳ ውጤቱ እንደማይለወጥ አየ። «ምን ያህል ነጥቦች? እንዴትስ የተቀመጡ?» የሚለው ጥያቄ ወዲያው ተከተለ። ብዙ ነጥቦችን በአንድነት እንደ አንድ ነገር አድርጎ መመርመር የጀመረውም ከዚህ ተነሥቶ ነው።

እ.ኤ.አ. በ1874 ባሳተመው ጽሑፍ ካንቶር የተጠቀመበት ዘዴ አንድ ለአንድ ማዛመድ ነው። ዘዴው በማንኛውም የኢትዮጵያ ቤት የታወቀ ነው። ቡና የምታፈላ ሴት ሲኒዎቿን ለእንግዶቿ አንድ በአንድ ስታዳርስ፣ ሲኒውንም ሆነ ሰውን ሳትቆጥር ማነሱን ወይም መብቃቱን ታውቃለች። ካንቶር ይህንኑ ዘዴ መጨረሻ በሌላቸው ስብስቦች ላይ አዋለው። ለ1 2ን፣ ለ2 4ን፣ ለ3 6ን እያዛመዱ ቢሄዱ ሙሉ ቁጥሮችና ጥንድ ቁጥሮች ሳይጎድሉና ሳይተርፉ ይዛመዳሉ። በመሥመር ላይ ያሉትን ነጥቦች ሁሉ ግን ከመቁጠሪያ ቁጥሮች ጋር እንዲህ ማዛመድ ፈጽሞ እንደማይቻል አስረዳ። መጨረሻ የሌለው ሁሉ እኩል አለመሆኑ በዚህ ታወቀ።

በየትኛውም መመዘኛ ስብስብን ማቋቋም ይቻላል የሚለው እምነት ግን ብዙ አልቆየም። እንግሊዛዊው በርትራንድ ራስል እ.ኤ.አ. በ1902 ለጀርመናዊው ጎትሎብ ፍሬገ በጻፈው ደብዳቤ ችግሩን ገለጠ። ነገሩን በመዝገብ ቤት ምሳሌ መረዳት ይቻላል። ራሳቸውን በዝርዝራቸው ውስጥ ያልጻፉትን መዝገቦች ሁሉ፣ እነርሱንም ብቻ፣ የሚመዘግብ አንድ ዋና መዝገብ ይዘጋጅ ቢባል፣ ይህ ዋና መዝገብ ራሱን ይጽፋል ወይስ አይጽፍም? ቢጽፍ መጻፍ አልነበረበትም፤ ባይጽፍ ደግሞ መጻፍ ነበረበት። ኤርንስት ዜርሜሎ እ.ኤ.አ. በ1908 ያወጣቸው ደንቦች አዲስ ስብስብ በመመዘኛ የሚለየው አስቀድሞ ከታወቀ ስብስብ ውስጥ ብቻ እንዲሆን በመወሰን ይህን መሰናክል አስወገዱ። ትምህርቱ ለተግባር ሰውም ይጠቅማል፤ ይኸውም መምረጥ ከመጀመሩ በፊት ከየትኛው ጠቅላላ ዝርዝር እንደሚመረጥ መታወቅ አለበት የሚል ነው።

ከዚሁ ጎን ለጎን ሌላ መንገድ ነበር። ጆርጅ ቡል እ.ኤ.አ. በ1854 ባሳተመው መጽሐፍ «እና»፣ «ወይም»፣ «አይደለም» የሚሉትን ቃላት በአልጀብራ ጻፋቸው። ጆን ቬን በ1880 በክቦች ሣላቸው። በ1938 የታተመው የክሎድ ሻነን ጽሑፍ ደግሞ ይኸው አልጀብራ የኤሌክትሪክ ማብሪያ ማጥፊያዎችን ትስስር እንደሚገልጥ አሳየ። በተከታታይ የተያያዙ ሁለት ማብሪያዎች «እና»ን፣ ጎን ለጎን የተያያዙት «ወይም»ን ይሠራሉ። ኤድጋር ኮድ በ1970 የመረጃ ቋትን በስብስብና በዝምድና ሐሳብ ላይ ካቆመ በኋላ ከባንክ እስከ ሆስፒታል ያሉት መዝገቦች በዚሁ ሥርዓት መጠየቅ ጀመሩ።

ወደ ትምህርት ቤት የተደረገው ጉዞ

ስብስብ ከሊቃውንት ጉባኤ ወደ ሕፃናት ክፍል የገባው በሃያኛው መቶ ዓመት አጋማሽ ነው። ሶቪየት ኅብረት እ.ኤ.አ. በ1957 ስፑትኒክን ባመጠቀች ጊዜ ምዕራባውያን መንግሥታት የሒሳብና የሳይንስ ትምህርታቸውን ለማደስ ተጣደፉ። በ1959 በፈረንሳይ አገር በርዋዮሞን በተደረገው ጉባኤ ዣን ዲዮዶኔ የዩክሊድ ጂኦሜትሪ ከትምህርት ቤት ይውጣ እስከ ማለት ደረሰ። በእርሱ ፈንታ ከታሰቡት አዳዲስ መሠረቶች አንዱ ስብስብ ነበር።

ይህ ማዕበል አፍሪካ ለመድረስ አልዘገየም። እ.ኤ.አ. በ1962 በኡጋንዳ፣ በኢንቴቤ ከተማ፣ አፍሪካውያን፣ አሜሪካውያንና እንግሊዛውያን የሒሳብ መምህራን በአንድነት ተቀምጠው አዲስ የመማሪያ መጻሕፍት ማዘጋጀት ጀመሩ። ሥራው በማሳቹሴትስ የሚገኝ የትምህርት ድርጅት የሚያስተባብረው ሲሆን እስከ 1969 ቀጥሏል። ከተካፋዮቹ አገሮች አንዷ ኢትዮጵያ ነበረች። የመጻሕፍቱ ዓላማ ሕፃኑ ድምርንና ብዜትን በቃሉ ከመሸምደዱ በፊት የቁጥርን ትርጉም ዕቃን ከዕቃ በማዛመድ እንዲረዳ ማድረግ ነበር፤ ይህም ከካንቶር ሐሳብ ጋር የሚስማማ ነው።

ዓላማው መልካም ቢሆንም ውጤቱ በየአገሩ አንድ ዓይነት አልሆነም። አሜሪካዊው የሒሳብ ሊቅ ሞሪስ ክላይን እ.ኤ.አ. በ1973 ባሳተመው መጽሐፍ አዲሱ ትምህርት ልጆችን በቃልና በምልክት አጥለቅልቆ ከስሌትም ከአገልግሎትም አራቃቸው ሲል ነቀፈ። ብዙ አገሮች ስብስብን ከታችኞቹ ክፍሎች ቀነሱ ወይም አወጡ። በኢትዮጵያ ግን እስከ አሁን በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ጸንቶ ይገኛል። የሁለተኛ ደረጃ ማስተማሪያ ቋንቋ እንግሊዝኛ በመሆኑ፣ የገጠሩ ተማሪ አዲሱን ሐሳብና አዲሱን ቋንቋ በአንድ ጊዜ እንዲሸከም ይገደዳል።

ማኅበር፣ ዕድርና ዕቁብ

የአማርኛው ቃል ራሱ ጥንቃቄ ይጠይቃል። «ስብስብ» ሲባል ሰሚው በአንድ ሥፍራ የተከማቸ ነገር ያስባል። ስለዚህ «ባዶ ስብስብ» ሲባል ይገረማል፤ ያልተሰበሰበ ነገር እንዴት ስብስብ ይሆናል? «አባል» የሚለው ቃል ግን ትክክለኛውን በር ይከፍታል፤ ምክንያቱም አባልነት የማኅበር ነገር ነው። የማኅበር አባል በቤቱም ቢሆን፣ በመንገድም ቢሆን አባል ነው። አባልነትን የሚወስነው ደንቡና መዝገቡ እንጂ መገናኘቱ አይደለም። ደንብ ወጥቶለት ገና አንድም ሰው ያልተመዘገበበት ማኅበር ቢኖር ባዶ ስብስብን ለመረዳት አያስቸግርም።

ዕድርና ዕቁብ ደግሞ አንድ ጥሩ ልዩነት ያስተምራሉ። በዕድር መዝገብ አንድ ሰው አለ ወይም የለም፤ ስሙ ሁለት ጊዜ ቢጻፍ ሁለት አባል አይሆንም፤ በመዝገቡ ማን ቀደመ፣ ማን ተከተለ ማለትም አባልነቱን አይለውጠውም። የስብስብ ጠባይ ይህ ነው። በዕቁብ ግን አንድ ሰው ሁለት ዕጣ ሊይዝ ይችላል፤ ዕጣው የሚወጣበት ተራም ትልቅ ነገር ነው። ስለዚህ የዕቁብ ዕጣ ዝርዝር ስብስብ አይደለም፤ ድግግሞሽንና ቅደም ተከተልን የሚቆጥር ሌላ ነገር ነው። ብዙ ዕድሮች ተባብረው አንድ ኅብረት ቢያቋቁሙም የኅብረቱ አባላት ዕድሮቹ እንጂ ሰዎቹ አይደሉም። «አባል» እና «ንዑስ ስብስብ» በሚሉት መካከል ተማሪዎችን የሚያደናግረው ልዩነት በዚህ ምሳሌ ይቀላል።

ምሳሌው ግን ወሰን አለው። ሁለት ማኅበሮች አንድ ዓይነት አባላት ቢኖሯቸውም ሁለት ማኅበሮች ናቸው። ሁለት ስብስቦች ግን አባሎቻቸው አንድ ከሆኑ አንድ ስብስብ ናቸው።

የደጋው ሊቃውንት አቆጣጠር

ከዓባይ ወዲህ ያለው የቦረናና የሳይንት ደጋ የጥንት የትምህርት አገር ነው። በ15ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ መጽሐፈ ምሥጢርን የጻፈው አባ ጊዮርጊስ የሚጠራበት የጋስጫ ገዳም በቦረና ይገኛል፤ ከዐፄ ገላውዴዎስ ስም ጋር የተያያዘችው ተድባበ ማርያምም በሳይንት ናት። በቤተ ክርስቲያን ትምህርት ውስጥ ባሕረ ሐሳብ የተባለው የዘመን ቀመር ስብስብን ሳይሰይም የሚሠራበት ጥሩ ምስክር ነው።

ባሕረ ሐሳብ ዓመታትን ለአራቱ ወንጌላውያን ያከፋፍላል። በዓመተ ምሕረቱ ላይ 5500 ተደምሮ ለ4 ሲካፈል ቀሪው 1 ከሆነ ዘመነ ማቴዎስ፣ 2 ከሆነ ዘመነ ማርቆስ፣ 3 ከሆነ ዘመነ ሉቃስ ነው፤ ቀሪ ከሌለ ዘመነ ዮሐንስ ይባላል። ለምሳሌ 2017 ዓ.ም. ከ5500 ጋር 7517 ይሆናል፤ ለ4 ሲካፈል 1 ይቀራል፤ ዓመቱም ዘመነ ማቴዎስ ነው። እንግዲህ አራት ስብስቦች አሉ ማለት ነው። አንድም ዓመት ከአራቱ ውጭ አይቀርም፤ አንድም ዓመት በሁለቱ ውስጥ አይገኝም። ዘመናዊው ሒሳብ ይህን ያለ ድግግሞሽና ያለ ጉድለት መከፋፈል ይለዋል።

ቀመሩ በዚህ አያበቃም። ዓመታትን በ4፣ ዕለታትን በ7፣ የጨረቃን ዑደት በ19 እየከፋፈለ፣ ሦስቱን በማባዛት የ532 ዓመት ዐቢይ ዑደት ያገኛል። አበቅቴን ለማግኘት የሚያገለግለው 11 ቁጥርም 365 ቀን ባለው የፀሐይ ዓመትና 354 ቀን ባለው የጨረቃ ዓመት መካከል ያለው ልዩነት ነው። ክርስቲያኑና ሙስሊሙ ተጎራብቶ በሚኖርበት በወሎ ይህ ልዩነት በዓይን የሚታይ ነው፤ ረመዳን በየዓመቱ ወደ ኋላ የሚሸሸው በዚሁ 11 ቀን ያህል ነው።

የተረሱት

ስለ ስብስብ የሚደረገው ክርክር የመምህራን ብቻ መስሎ ሊታይ ይችላል። ወሎ ግን በ1965 እና በ1966 ዓ.ም.፣ ዳግመኛም በ1977 ዓ.ም. በደረሰው ረኀብ የስም ዝርዝር የሕይወትና የሞት ጉዳይ ሊሆን እንደሚችል ያየ አገር ነው። አንድ ምሳሌ ይወሰድ። 200 ቤተሰቦች ባሉበት ቀበሌ 120 ቤተሰቦች እህል፣ 90 ቤተሰቦች ዘይት ተቀበሉ እንበል። ሁለቱን መዝገቦች ደምሮ 210 ያገኘ ጸሐፊ እርዳታው ለሁሉም ደርሶ ተርፏል ብሎ ሊጽፍ ይችላል። ነገር ግን 40 ቤተሰቦች በሁለቱም መዝገቦች ውስጥ ካሉ፣ አንዳች ነገር ያገኙት 120 ሲደመር 90 ሲቀነስ 40፣ ማለትም 170 ብቻ ናቸው። 30 ቤተሰቦች በየትኛውም መዝገብ የሉም።

እነዚህ 30 ቤተሰቦች በእህሉም ሆነ በዘይቱ መዝገብ ላይ አይታዩም። የሚገኙት ሁለቱ ክቦች ከተሣሉበት ከአራት ማዕዘኑ ውስጥ፣ ከክቦቹ ግን ውጭ ነው። ጠቅላላው የቀበሌ ዝርዝር አስቀድሞ ካልተያዘ ደግሞ አራት ማዕዘኑ ራሱ አይኖርም፤ የዜርሜሎ ጥንቃቄ በተግባር የሚገለጠው እዚህ ላይ ነው። የውኃ ጉድጓድ የሚቆፍር፣ የመብራት መሥመር የሚዘረጋ፣ መንገድ የሚቀይስ መሐንዲስም «ስንት ቤት አገለገልን?» ሲባል ሁለት የፕሮጀክት ዘገባዎችን ደምሮ መልስ ቢሰጥ ከዚሁ ስሕተት ይወድቃል።

ስለዚህ የአጅባር ተማሪ ምልክቱን ከመጻፉ በፊት የዕድሩን መዝገብ፣ የባሕረ ሐሳቡን አከፋፈልና የእነዚያን 30 ቤተሰቦች ሒሳብ ቢመረምር፣ ከሃሌ ተነሥቶ በኢንቴቤ በኩል የመጣው ሐሳብ እንግዳ አይሆንበትም። የባለሙያ ማኅበራት ከመምህራን ጋር ሆነው እንዲህ ያሉትን ምሳሌዎች ከየሙያቸው ሰብስበው ለክፍሉ ቢያቀርቡ ድካሙ ትንሽ፣ ጥቅሙ ግን ብዙ ነው። ከአራት ማዕዘኑ ውስጥ ሆኖ ከክቦቹ ውጭ የቀረውን መፈለግ የለመደ ተማሪ፣ ነገ መዝገብ ያዥ ወይም መሐንዲስ ሲሆን ያልተጻፈውን ስም ይጠይቃል።