ሾንኬና የአርጎባ ብሔረሰብ ማንነት

በአማራ ክልል በኦሮሞ ብሔረሰብ ዞን፣ በከሚሴ ከተማ አቅራቢያ በዳዋ ጨፋ ወረዳ የምትገኘው ሾንኬ፣ በተራራ ላይ በድንጋይ የተገነባች ጥንታዊት የአርጎባ መንደር ናት።

ታሪካቸው ከይፋት ሱልጣኔት ጋር የሚያያዘው አርጎባዎች በእርሻ፣ በሽመናና በንግድ ይታወቃሉ። ቋንቋቸው እንደ አማርኛና ሐረሪ ሁሉ ከሴማዊ ቋንቋዎች ይመደባል። ከአጎራባቾቻቸው ጋር ለዘመናት አብረው በመኖራቸው ግን አብዛኞቹ አፋቸውን የፈቱት በአማርኛ ወይም በአፋን ኦሮሞ ነው።

በ1987 ዓ.ም. በተካሄደው የሕዝብና ቤት ቆጠራ አርጎባ መሆናቸውን ከገለጹት ከ62 ሺህ በላይ ሰዎች መካከል ቋንቋውን በአፍ መፍቻነት ያስመዘገቡት 11 ሺህ ያህሉ ብቻ ነበሩ። በዚያው ዓመት የጸደቀው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 39 ብሔረሰቦች በቋንቋቸው የመናገር፣ የመጻፍና ቋንቋቸውን የማሳደግ መብት እንዳላቸው ደንግጓል።

ከቆጠራው መረዳት እንደሚቻለው ቋንቋውን ያጣ ሁሉ ማንነቱን አላጣም። ቋንቋው ግን የሚተርፈው እንደ ሾንኬ ባሉ መንደሮች ለልጆች ሲተላለፍ ነው።